ከናይሮቢ ደሴ፦ የሠርግ ገንዘብ ይዞ መጓዝ

ሐሙስ፣ ናይሮቢ

የአክስቴ ልጅ በጥር ልታገባ ነው። የሠርጉ በሬ የእኔ ድርሻ ነው ተብሏል። ስለዚህ ዛሬ ከሻንጣው በፊት ገንዘቡን ማሰናዳት ነበረብኝ።

የምተዳደረው በግራፊክ ዲዛይን ነው። ደንበኞቼ ፖላንድም አሉ፣ ካናዳም አሉ። የሚከፍሉኝ በዩኤስዲቲ ነው። በባንክ ቢልኩልኝ ገንዘቡ በመሃል ባንኮች እየዞረ፣ በየደረሰበት እየተቆረጠለት ቀናት ይፈጃል። ዩኤስዲቲ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። እሑድ ነው፣ በዓል ነው አይልም። አገር ለአገር ለሚዞር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዩኤስዲቲ ቴተር የሚባል ኩባንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያወጣው ዲጂታል ገንዘብ ነው። የአንዱ ዋጋ ሁልጊዜ አንድ ዶላር እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ቢትኮይን እንደዚህ አይደለም። በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. 69 ሺህ ዶላር ገደማ ነክቶ፣ በዓመቱ ከ16 ሺህ በታች ወርዷል። ለዓመታት ለሚያስቀምጥ ሰው ያው የራሱ ምርጫ ነው። ለጉዞ ግን አይሆንም። ስትነሳ የበሬ መግዣ የነበረው፣ ስትደርስ የበግ መግዣ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል።

ከዶላር እኩል ነኝ ያለ ሁሉ ደግሞ አይታመንም። ቴራ ዩኤስዲ የተባለው በሜይ 2022 እ.ኤ.አ. በቀናት ውስጥ ዋጋ ቢስ ሆነ። የብዙ ሰው ጥሪት ይዞ ነው የሄደው። ሌላው የዶላር አቻ፣ ዩኤስዲሲ እንኳ በማርች 2023 እ.ኤ.አ. ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ እሱስ ከቀናት በኋላ ተመለሰ። ስለዚህ የጉዞ ገንዘቤን በሙሉ አንድ ዓይነት ዲጂታል ገንዘብ ላይ አልጥልም።

ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ትልቁን እዚሁ ናይሮቢ ወደ ሽልንግ ቀይሬ፣ በሕጋዊ ሐዋላ ደሴ ወዳለው የአክስቴ የባንክ ሒሳብ ላክሁት። ሁለተኛውን ጥሬ ዶላር አድርጌ ያዝኩ። የቀረው ስልኬ ላይ፣ ዋሌት በሚባለው የዲጂታል ገንዘብ ማስቀመጫ መተግበሪያ ውስጥ ነው። እሱ ናይሮቢ ስመለስ የምጠቀምበት ነው። ደሴ ላይ አልነካውም።

ለምን ደሴ ላይ አይነካም? ኬንያ በ2025 እ.ኤ.አ. ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያገበያዩ ድርጅቶች ፈቃድ የሚያወጡበትን ሕግ አጽድቃለች። እዚህ ዩኤስዲቲ ሸጬ ሽልንጉ ኤም-ፔሳዬ ላይ ሲገባ የምደብቀው ነገር የለም። አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ የእኔ አካሄድ ይሄ ነው፦ ክሪፕቶው ሥራውን ውጭ አገር ይጨርስ፣ ደሴ የሚደርሰው ብር ይሁን።

ማታ ዋሌቱን አሰናዳሁ። ክሪፕቶ ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት የአገበያይ መተግበሪያ ወደ ራሴ ዋሌት ነው ያወጣሁት። ኤፍቲኤክስ የተባለው አገበያይ በኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ገንዘባቸው እዚያው የነበረ ሰዎች መንገድ ላይ እንዳሉ ተዘግቶባቸዋል። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስታወጡ ኔትወርኩን እዩ። ኔትወርክ ማለት ዝውውሩ የሚመዘገብበት መረብ ነው፤ ዩኤስዲቲ እንደ ትሮንና ኢቴርየም ባሉ ብዙ ኔትወርኮች ይሄዳል። የትሮን አድራሻ በ"ቲ" ፊደል ይጀምራል፣ የኢቴርየም ደግሞ በ"ዜሮ ኤክስ"። ተቀባዩ ያልጠበቀው ኔትወርክ ላይ ከላካችሁት ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ ትንሽ ልኬ መድረሱን አያለሁ፣ ከዚያ ነው ዋናውን የምልከው። በትሮን ላይ የኔትወርኩ ክፍያ የገንዘቡን ብዛት አይቶ አይጨምርም፤ 20 ዶላርም ላኩ 2000፣ ያው ነው። ግን ክፍያው የሚቆረጠው ትሮኒክስ ከሚባለው ሌላ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ዋሌታችሁ ውስጥ ዩኤስዲቲ ሞልቶ ትሮኒክስ ከሌላችሁ ገንዘቡ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እንግዳ አገር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያስለቅሳል።

ዋሌቱ ሲከፈት የሚሰጠውን አሥራ ሁለት ቃል ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ፎቶ አላነሳሁትም። ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡን የሚመልሱት እነዚያ ቃላት ናቸው፣ ሌላ ሰው ካገኛቸውም የሚወስድብኝ እነዚያው ቃላት ናቸው። ወረቀቱ ከስልኩ ጋር አብሮ አይጓዝም። ናይሮቢ ይቀራል።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ቦሌ ደረስኩ። የያዝኩትን ዶላር ጉምሩክ ላይ አስመዘገብኩ። ከፊሉን እዚያው ያለ ባንክ መስኮት ላይ ቀየርኩ፣ ደረሰኙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሲም ካርዴን አስነሳሁ፣ ቴሌብሬን ሞላሁ። አለቀ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ብዙ ሰው የአገበያዩ መተግበሪያ የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣለት። የኬንያ ሲም አዲስ አበባ ላይ ሮሚንግ ከሌለው ኮዱ አይመጣም። ኮዱ ካልመጣ ደግሞ ገንዘብህን እያየኸው አትነካውም። እኔ ከመነሳቴ በፊት ወደ አውቴንቲኬተር፣ ኮዱን እዚያው ስልኩ ላይ ወደሚያወጣ መተግበሪያ፣ ቀይሬዋለሁ። እሱ ኔትወርክም አይፈልግም።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሳይቆይ ኮምቦልቻ አረፈ። የአጎቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፀሐይ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ ቆላማው ንፋስ ገና ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ይቀበልሃል። ከተማዋ የመንገድ መገናኛ ናት። የአዲስ አበባው፣ የደሴው፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ እዚህ ይገናኛል። ተሳቢው መኪና እንደተሰለፈ ነው።

የአጎቴ ልጅ ቀን ቀን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ይሠራል። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እሱ ተማሪ ነበር። አሁን ማታ ማታ ዲዛይን ይማራል። የላከልኝን ሥራዎች አይቻለሁ፣ እጁ ጥሩ ነው። ምሳ እየበላን ትንሽ ዝም አለና፣

"ወንድምዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለኝ።

"አብሽር፣ በል።"

"ደንበኛ አገኘሁ። ከውጭ። በዩኤስዲቲ እከፍልሃለሁ አለኝ። ባንተ ዋሌት ይግባና ብሩን እዚህ ስጠኝ።"

የመጀመሪያ ደንበኛው ነው። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ማየት ነበረባችሁ። እምቢ ማለት ከበደኝ። ግን አልኩት። ውጭ ምንዛሪ እኔ ጋ ገብቶ፣ ብር እዚህ ከኪሴ ስሰጠው፣ ያለፈቃድ መመንዘር ማለት ነው። ነገ እሱ ሌላውን ያመጣል፣ ሌላው ሌላውን። ከዚያ ሁለታችንም አንወጣበትም። የሠራበትን ገንዘብ ደግሞ ተደብቆ መቀበል የለበትም።

"ታዲያ እንዴት ልቀበለው?" አለኝ። ቅር ብሎታል።

"ሳልሄድ እንጨርሰዋለን" አልኩት።

ከሰዓት ሚኒባስ ይዘን ወደ ደሴ ወጣን። የሐረጎን ዳገት ስትወጣ መኪናው ያቃስታል፣ ጆሮህ ይደፈናል፣ ብርዱም ከመንገዱ ጋር ይጨምራል። ጃኬቴን የለበስኩት ገና ዳገቱ ላይ ነው። የጦሳ ተራራ ከሩቅ ሲታየኝ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

እሑድ፣ ደሴ

ጠዋት ከአክስቴ ጋር ቡና ላይ ተቀመጥን። ጋቢ ደርባ ነው የምታፈላው። የደሴ የጥር ጠዋት ያለ ጋቢ አይቻልም። ጎረቤቶች መጡ። ቄጤማው ላይ ፈንዲሻው ተበተነ። የላክሁት ገንዘብ ሒሳቧ ውስጥ መግባቱን አሳየችኝ። መልእክቱን ማንበብ ስለማትወድ ሙሽራዋን ነው የምታስነብባት።

ከጎረቤቶቹ የብዙዎቹ ልጆች ዓረብ አገር ናቸው። አንዷ ሳዑዲ፣ አንዷ ቤይሩት፣ አንዷ ዱባይ። ወሬው ሁሉ ምንዛሪ ነው። ዛሬ ባንክ ስንት ገባ፣ ጥቁር ገበያ ስንት ገባ። እነዚህ እናቶች ስለ ዶላር የሚያውቁትን ብዙ የተማረ ሰው አያውቀውም።

እኔም ስለ ዋሌቱ ነገርኳቸው። አክስቴ ሲኒውን እያለቀለቀች ሰማችኝ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የሆነውን አነሳች።

"ባንኩ ተዘጋ። መብራት ጠፋ። ስልክ ጠፋ። ብሬ ባንክ ቁጭ ብሎ እኔ ዱቄት በዱቤ ወሰድኩ። አላህ ይስጠውና ባለሱቁ አልከለከለኝም።" ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። "እስቲ ያንተ ነገር ያኔ ቢኖረኝ ምን ይጠቅመኝ ነበር?"

"ምንም" አልኳት። እውነቱ ይሄ ነው።

ክሪፕቶው አይጠፋም ነበር። መዝገቡ በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ስላለ፣ ከተማዋ ብትጨልምም ገንዘቡ እዚያው ይቆያል። ከተማዋን ለቆ ለወጣ ሰው ምናልባት ይደርስለት ነበር። ከተማዋ ውስጥ ለቀረች እናት ግን ዱቄት አይገዛም። ቻርጅ የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ የሚቀበል ሻጭ የለ። ያን ጊዜ የሠራው ጥሬ ብርና የሚያምንህ ባለሱቅ ነው። ስለ ክሪፕቶ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ባንክ ሲዘጋ መፍትሔው እሱ ነው ይላሉ። ደሴ ቁጭ ብዬ፣ ነገሩን ያየች ሴት ፊት፣ ያንን ደፍሬ ልናገረው አልችልም።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ትንሽ ብር አታጣም። እኔም ከባንክ የማወጣላትን በዚያ ልክ አስቤ ጨመርኩላት።

ሰኞ፣ ገበያ

በሬ ልንገዛ ሄድን። አጎቴ፣ እኔና የአጎቴ ልጅ። ገበያው ገና በጠዋቱ ሞልቷል። አቧራው፣ ጩኸቱ፣ የከብቱ ትንፋሽ በብርዱ ውስጥ እንደ ጭስ ይወጣል። አጎቴ በሬ ሲመርጥ አይናገርም። ይዞራል፣ ጀርባውን በመዳፉ ይጫናል፣ ጥርሱን ያያል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ቀይ በሬ ፊት ቆመ።

ባለበሬው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ትተናቸው ሄደን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። ሲስማሙ አጎቴ፣

"ጋሼ፣ በባንክ ላስገባልዎት?" አላቸው።

"ይግባ። ልጄ ይየው" አሉ።

አክስቴ ከቤት አስተላለፈችላቸው። ልጃቸው ስልኩን አወጣ። እሳቸው የበሬውን ገመድ ሁለት ዙር እጃቸው ላይ ጠምጥመው ቆመዋል። መልእክት ገባ። ልጁ መልእክቱን አይቶ "ደርሷል" አላለም። የባንኩን መተግበሪያ ከፈተ፣ ቀሪ ሒሳቡን አየ፣ ከቀድሞው ጋር አስተያየ፣ ለአባቱ አሳያቸው። እሳቸው ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ነው ገመዱ ከእጃቸው የተፈታው። "ለደግ ያድርግላችሁ" ብለው መረቁን።

እዚያው ቆሜ ለአጎቴ ልጅ አንድ ነገር ነገርኩት። ክሪፕቶ ሰው ለሰው በሚሸጥበት ገበያ፣ ፒ ቱ ፒ በሚሉት፣ ስንት ሰው የሚዘረፈው በዚህች ነጥብ ነው። ገዢው ብር አስገባሁ ይልና ከባንክ የመጣ የሚመስል የሐሰት መልእክት ይልካል። ሻጩ መልእክቱን አምኖ ዩኤስዲቲውን ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ የሚመልስለት የለም። መተግበሪያው ዩኤስዲቲውን ይዞ የሚሰጠው ዋስትናም የሚሠራው ሻጩ "ተቀብያለሁ" የሚለውን እስኪጫን ብቻ ነው። ኬንያ ላይ በሕጋዊ መንገድ ስሸጥ እንኳ እኔ የማደርገው ልጁ ያደረገውን ነው፦ መልእክቱን ትቼ ሒሳቡን ከፍቼ አያለሁ። የላኪው ስምም ከገዢው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። በሌላ ሰው ስም የመጣ ገንዘብ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የሚታገደው ያንተ ሒሳብ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐይቅ

ዛሬ ገንዘብ አላሰብኩም። ከደሴ ወደ ሰሜን ወጥተን ሐይቅ ሄድን። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱትን የእስጢፋኖስን ገዳም ተሳለምኩ። ዓሣ በላን። የተከፈለው በጥሬ ብር ነው።

ረቡዕ፣ የደሴ ፒያሳ

የአጎቴ ልጅ ጓደኞቹን ሰብስቦ ካፌ ጠራኝ። ሁሉም ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። ማኪያቶው ሳይመጣ ጥያቄው ጀመረ።

አንዱ፣ "መንግሥት ለቢትኮይን ማይነሮች መብራት ይሸጥ የለም እንዴ? ለእኛ ሲሆን ለምን ሕገ ወጥ ይሆናል?" አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቱ ለማይነሮች፣ በኮምፒውተር አዲስ ቢትኮይን ለሚያመርቱት ድርጅቶች፣ ኃይል ይሸጣል፣ ክፍያውንም በውጭ ምንዛሪ ይቀበላል። ያ መብራት መሸጥ ነው። በክሪፕቶ ዕቃ መግዛትና መመንዘር ሌላ ነው፣ የተከለከለውም እሱ ነው። ሕጉ እንዲስተካከል መጠየቅ መብታችን ነው፤ በእኔ እምነት ደግሞ ለነዚህ ልጆች ሲባል ፈቃድ ያለው መንገድ ሊከፈት ይገባል። እስከዚያ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፣ ሒሳባቸው ሲታገድ ማንም አይደርስላቸውም።

ሌላው ስለ ምንዛሪው አነሳ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲገዛ፣ ጥቁር ገበያው እጥፍ ይጠጋ ነበር። ያኔ ሰው በባንክ አልልክም ቢል ይገባኛል። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ግን የባንኩ ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ልዩነት አለ፣ የለም አልልም። ለዚያ ልዩነት ሲባል ግን የእናትን ሒሳብ ማሳገድ ለእኔ አይታየኝም።

ከዚያ የራሴን ስልክ አሳየኋቸው። ዋሌቴ ታሪክ ውስጥ ከላይ አንዲት ኢምንት ገንዘብ ገብታለች። ላኪውን አላውቀውም። አድራሻው ግን ብዙ ጊዜ የምልክበትን አድራሻ ቁርጥ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎች አንድ፣ የመጨረሻዎቹም አንድ። መሃሉ ብቻ ይለያያል። ልጆቹ ስልኩን እየተቀባበሉ አዩት። ይሄ ወጥመድ ነው። ሌባው በኮምፒውተር ተመሳሳይ አድራሻ ይሠራና ሳንቲም ይልክልሃል፣ ታሪክህ ውስጥ እንዲቀመጥ። አንተ ቸኩለህ አድራሻውን ከታሪክ ስትገለብጥ ገንዘቡ ለእሱ ይሄዳል። መንገደኛ ደግሞ ሁልጊዜ ችኩል ነው። አድራሻ ከታሪክ አይገለበጥም። ተቀባዩን ጠይቃችሁ ነው የምትወስዱት፣ መሃሉንም ታያላችሁ።

አንዷ ልጅ ደብተር አውጥታ ጻፈችው። ሰዓቱ መሸና ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ በእግር ሸኙኝ።

ቅዳሜ፣ ሠርግ

ሙሽራዋ አማረባት። በሬው ጥሩ ሥጋ ወጣው። አክስቴ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ጨፈረች። ቤይሩት ያለችው የጎረቤት ልጅ በቪዲዮ ገብታ እልል ስትል ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሌላ የምጽፈው የለኝም፣ ድምፄ ጠፍቷል።

ሰኞ፣ ኮምቦልቻ

በረራው ከሰዓት ነው። በጠዋት ከሐረጎ ወርደን፣ ከአጎቴ ልጅ ጋር ባንክ ገባን። የመጣነው ለእሱ ጉዳይ ነው። በ2016ቱ የምንዛሪ ማሻሻያ ነዋሪዎች ከውጭ ለሚያገኙት ገቢ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዶላቸዋል። ብዙ ወጣት ይሄን አያውቅም። የሚያውቀው ፒ ቱ ፒ ብቻ ነው።

ሠራተኛዋ ትዕግሥተኛ ነበረች። ፋይዳውን አየች። ከደንበኛው ጋር የተጻጻፈውን ውል ጠየቀች። ውል አልነበረውም፣ የነበረው የቴሌግራም ንግግር ነው። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አንድ ገጽ ውል ጻፍን፦ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ዋጋው፣ መቼ እንደሚከፈል። ለደንበኛው ተላከ። ገንዘቡ በባንክ እንዲሆንለት፣ የመላኪያውን ግማሽ ራሱ እንደሚችል ጨምሮ ጻፈለት። እኔ ዝም ብዬ ነው ያየሁት፣ ቃሉ የራሱ ነው።

መልሱ የመጣው አየር ማረፊያ በር ላይ ፍተሻ ስንጠብቅ ነው። ደንበኛው ተስማምቷል፣ ውሉንም ፈርሞ መልሶታል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበትን ስዊፍት ኮድ። የአጎቴ ልጅ ኮዱን ለማምጣት በመጣበት ባጃጅ ወደ ባንኩ ተመለሰ።